የቻይናው «ድርብ ቅነሳ» ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. ጁን 2022 ላይ አንድ ቻይናዊ መምህር በኢንተርኔት ቀጥታ ስርጭት ስቴክ ይሸጥ ነበር። አጠገቡ ነጭ ሰሌዳ አለ። ስጋውን እያስተዋወቀ መሀል ላይ ማርከር ያነሳና የእንግሊዝኛ ቃላት ይጽፋል፣ ያስረዳል፣ ከዚያ ወደ ሽያጩ ይመለሳል። ዶንግ ዩሁዪ ይባላል። ለዓመታት እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው ነው። ስርጭቱ ከአገር አገር አነጋገረ። መሥሪያ ቤቱ ኒው ኦሪየንታል በቻይና አሉ ከሚባሉት የማስጠኛ ኩባንያዎች አንዱ ነበር። ታዲያ አስተማሪዎቹ ሩዝና ስጋ ሻጭ የሆኑት ምን ነክቷቸው ነው?

መልሱ አንድ መመሪያ ነው። በቻይንኛ «ሹዋንግ ጂየን» ይሉታል፣ ድርብ ቅነሳ እንደ ማለት። እ.ኤ.አ. ጁላይ 24 ቀን 2021 የኮሚኒስት ፓርቲውና የመንግሥት ምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤቶች በጋራ አወጡት። የሚቀነሱት ሁለት ሸክሞች ናቸው፦ የቤት ሥራና ከትምህርት ቤት ውጭ የሚደረግ ጥናት። የቤት ሥራው ጉዳይ አጭር ነው። አንደኛና ሁለተኛ ክፍል የጽሑፍ የቤት ሥራ አይሰጣቸውም። እስከ ስድስተኛ ክፍል ያለው ተማሪ በአማካይ ከ60 ደቂቃ በላይ፣ ከሰባተኛ እስከ ዘጠነኛ ያለው ደግሞ ከ90 ደቂቃ በላይ የሚፈጅ አይሰጠውም።

ጉዱ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው።

እኛ ጋ አስጠኚ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ቤት ለቤት እየዞረ ሒሳብ የሚያስረዳ የዩኒቨርሲቲ ልጅ ነው። ቻይና ውስጥ ግን ይህ ሥራ አክሲዮኑ ኒውዮርክ ገበያ ላይ የሚሸጥ ግዙፍ ንግድ ሆኖ ነበር። ኮሮና ልጆችን ቤት ሲያስቀምጥ ደግሞ የኦንላይኑ ክፍል ጦፈ። ገንዘቡ የሚፈሰው ማስታወቂያ ላይ ነበር። በ2021 መጀመሪያ አንድ አስቂኝ ነገር ተጋለጠ። አንዲት አረጋዊት ሴት በአራት ተፎካካሪ ኩባንያዎች ማስታወቂያ ላይ ብቅ ብላለች። አንዱ ላይ ለ40 ዓመት ሒሳብ ያስተማረች መምህርት ናት። ሌላው ላይ ዕድሜዋን በእንግሊዝኛ ማስተማር የፈጀች። ሴትየዋ ለካ ተዋናይ ኖራለች! መንግሥት ጥርሱን ነክሶ የተነሳው በዚህ ብቻ ነው ባይባልም ሕዝቡን ግን በደንብ አዘጋጅቶለታል።

መመሪያው «ማስጠናት ክልክል ነው» አይልም። ብልሃቱም እዚያ ላይ ነው። ከአንደኛ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ላሉ ልጆች የትምህርት ቤት ትምህርቶችን የሚያስጠና ድርጅት ሁሉ ለትርፍ ያልተቋቋመ ሆኖ ይመዝገብ አለ። አክሲዮን ሸጦ ገንዘብ ማሰባሰብ ቀረ። የውጭ ባለሀብት ገንዘብ ቀረ። አዲስ ፈቃድ አይሰጥም። ቅዳሜ፣ እሁድ፣ በበዓልና በዕረፍት ወራት ማስጠናት አይቻልም። ልብ በሉ፣ አስጠኚ ዋናውን ገቢ የሚያገኘው በእነዚሁ ቀናት ነው። የኦንላይን ክፍለ ጊዜ ከ30 ደቂቃ አይበልጥም፣ በመሀል 10 ደቂቃ ዕረፍት አለ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ስክሪኑ ይጠፋል። ከወላጅ በአንዴ መሰብሰብ የሚቻለው ቢበዛ የሦስት ወር ክፍያ ነው። ኩባንያዎቹ ደግሞ የሚንቀሳቀሱት በቅድሚያ በሰበሰቡት ገንዘብ ነበር።

አንዷ አንቀጽ ያረፈችው አሜሪካ ነው። ውጭ አገር የሚኖር የውጭ ዜጋ ቀጥሮ ማስተማር ተከለከለ። ቪአይፒኪድ የሚባለው ኩባንያ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የሰሜን አሜሪካ መምህራን ነበሩት። ብዙዎቹ በሰዓት ልዩነቱ ምክንያት ጎህ ሳይቀድ ተነስተው፣ ካሜራ ፊት ፈገግ ብለው፣ ቤጂንግ ያለ ሕፃን «አፕል» እንዲል ያለማምዱ ነበር። ወሩ እንኳ ሳይሞላ ኩባንያው ከእነሱ ጋር የሚሰጠውን ትምህርት ለአዲስ ደንበኛ መሸጥ አቆመ።

ገበያው መመሪያው በይፋ እስኪታወጅ አልጠበቀም። ወሬው ባፈተለከበት ዓርብ፣ ጁላይ 23፣ ኒው ኦሪየንታል ኒውዮርክ ላይ ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጣ። ተፎካካሪው ታል ደግሞ 70 በመቶ ገደማ ወደቀ፣ በአንድ ቀን! የኒው ኦሪየንታል መሥራች ዩ ሚንሆንግ በኋላ እንደተናገሩት 60,000 ሠራተኛ አሰናብተዋል፣ ገቢያቸውም 80 በመቶ ቀንሷል። ከተዘጉት ክፍሎች የተረፉትን ወደ 80,000 የሚጠጉ ጠረጴዛና ወንበሮች ለገጠር ትምህርት ቤቶች ሰጡ። ሲዘጉ የቅድሚያ ክፍያ ለወላጆች መመለሳቸው ግን መነገር አለበት። የወላጅ ብር ይዘው የጠፉ ነበሩና።

የትምህርት ሚኒስቴሩ ቁጥር ሲታይ መመሪያው ያሰበውን ያደረገ ይመስላል። 124,000 ገደማ ከነበሩት በአካል የሚያስጠኑ ድርጅቶች በ2022 የቀሩት 5,000 አይሞሉም። ከ263 የኦንላይን ድርጅቶች የቀሩት 34 ናቸው።

ፈተናው ግን አልተነካም። ከዘጠነኛ ክፍል በኋላ ያለው ፈተና ማን ወደ መደበኛ ሁለተኛ ደረጃ፣ ማን ወደ ሙያ ትምህርት እንደሚሄድ ይለያል። ከዚያ በላይ ጋኦካኦ የሚባለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ አለ፣ በየዓመቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ይቀመጥበታል። እናም አስጠኚው ስሙን ቀይሮ ተመለሰ። አንዱ ቤት «ሞግዚት» ተብሎ ይቀጠራል፣ ሌላው ቤት «የቤት አያያዝ ባለሙያ»። ሞግዚቱ ግን ፊዚክስ ያውቃል። ድብቅ ሥራ ስለሆነም ዋጋው ጨመረ፣ አቅም ያለው ይከፍላል፣ የሌለው የድሮው ርካሽ የኦንላይን ክፍልም ቀርቶበታል። በእኔ እይታ የመመሪያው ትልቁ ቀዳዳ ይህ ነው።

መንግሥትም አይቶታል። ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ የቅጣት ደንብ ያለፈቃድ የሚያስጠናን እስከ 100,000 ዩዋን ያስቀጣል። ሞግዚት ነኝ ማለትም አያድንም።