ጤና ኬላ፣ ፍርድ ቤት፣ ማህበራዊ ጉዳይ፦ የሰሜን ሸዋ የአገልግሎት ባለሙያዎች

ሰሜን ሸዋ የሚባሉ ዞኖች ሁለት ናቸው። አንዱ ፍቼን ማዕከል አድርጎ በኦሮሚያ ክልል ይገኛል። ይህ ጽሑፍ ስለ ሌላኛው ነው፤ በአማራ ክልል ስላለው፣ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን ስለሆነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ዞኑ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሰው ነበረው። ከ10 ሰው 9 ያህሉ የገጠር ነዋሪ ነበር።

የአገሩ አቀማመጥ የባለሙያውን ሥራ ይወስናል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያለች ብርዳማ ከተማ ናት። መንዝ ከዚያም ይበርዳል። ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ደግሞ ሙቀትና ወባ ነው። በምዕራብ በኩል ጀማና ወንጪት የተባሉት ወንዞች ምድሩን ገደል ለገደል ከፍለውታል። ማዶ የሚታይ ቀበሌ ለመድረስ ወርዶ መውጣት አለ፤ ቀኑን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ እዚህ አገር ነርስም ሆነ ዐቃቤ ሕግ መንገድ የማያውቅ ከሆነ ሥራውን ገና አላወቀም ማለት ነው።

ከጤናው እንጀምር። ገጠር ውስጥ ሕዝቡ በመጀመሪያ የሚያገኛት ባለሙያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። ፕሮግራሙ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። በየቀበሌው አንድ ጤና ኬላ ይሠራል፤ በጤና ኬላው ሁለት ሴቶች ይመደባሉ። የሚመለመሉት ከዚያው አካባቢ ነው። አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው እንዲያገለግል ታስቧል። አምስት ያህል ጤና ኬላዎች በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር ይሆናሉ። ከጤና ጣቢያው በላይ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያ በላይ የደብረ ብርሃን ሆስፒታል አለ። በመርሃቤቴ ዓለም ከተማ ያለው እናት ሆስፒታል፣ ሰዎች ለሰዎች የተባለው ድርጅት ያሠራው፣ ከነዚህ መሀል በአካባቢው ሰው ዘንድ በጣም የሚታወቅ ነው።

የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ቦርሳ ከፍቶ ላየው ብዙ ነገር ይነግራል። የቤተሰብ ማህደር አለ፤ በየቤቱ ማን እርጉዝ እንደሆነች፣ የትኛው ሕፃን ክትባት እንደቀረው የተጻፈበት። የክትባት መያዣ አለ። አንዲት ባለ ሦስት ቀለም የክንድ መለኪያም አለች። "እትዬ፣ እስቲ ግራ ክንዱን አውጪልኝ" ትላለች እናትየውን። መለኪያዋን በክንዱ መሀል ላይ ታዞራለች። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ክንዱ ዙሪያውን ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀዩ ላይ ነው፤ ለሕይወቱ ያሰጋል፣ ዛሬውኑ ወደ ሕክምና መሄድ አለበት። እስከ 12.5 ድረስ ቢጫ ነው። ከዚያ በላይ አረንጓዴ። ሚዛን ተሸክሞ ገደል መውጣት ሳያስፈልግ፣ ሁለት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ የልጅ ነፍስ የምታድን ዕቃ ናት።

ወሊድ ሌላው ትልቅ ጉዳይ ነው። ጤና ጣቢያ መውለድ በነጻ ነው። ግን ምጥ ሌሊት ከመጣ፣ አምቡላንስ የሚገባበት መንገድ ከሌለ፣ ያለው ነገር ቃሬዛና የሠፈር ጎረምሳ ነው። ለዚህ ሲባል በብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ተሠርቷል። ወሯ የገባ እናት ቀደም ብላ መጥታ እዚያው ትቆያለች፤ ስትወልድ ገንፎ ይገነፋላታል፣ ቡና ይፈላል። ሐሳቡ ግሩም ነው። ነገር ግን "ቤቱን ለማን ጥዬ?" የሚለው ጥያቄ አለ። ትንንሾቹ ልጆች አሉ፣ ከብቱ አለ። ይህን የሚፈታው አዋላጅ ነርሷ አይደለችም፤ ጎረቤት፣ አማት፣ ዕድር ነው። እነሱን አነጋግሮ የሚያግባባ ሰው ያስፈልጋል። እኔ እንደምለው ማህበራዊ ሥራ የሚባለው ሙያ በገጠር ትርጉም የሚኖረው እንዲህ ካለው ቦታ ሲጀምር ነው።

የገንዘቡን ነገር በአጭሩ እንለፈው። ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ የተጀመረ ነው። አባወራው በዓመት አንዴ ይከፍላል፣ ቤተሰቡ ይታከማል። መክፈል የማይችለውን የቀበሌው ሰው ራሱ ይመርጠዋል፤ ክፍያውን መንግሥት ይሸፍናል። አንድ ደንብ ግን አለ፤ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ መታየትና ሪፈር ማጻፍ ግድ ነው። ይህን ሳያውቅ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ሰው ከኪሱ ይከፍላል።

ሰሜን ሸዋ የጸበል አገርም ነው። ሸንኮራ ዮሐንስና ጻድቃኔ ማርያም ከመላ አገሪቱ ሰው ይመጣባቸዋል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የጀመረ፣ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ፣ የአእምሮ ሕመምተኛ የያዘ ቤተሰብ ሁሉ እዚያ ይገናኛል። የነቀርሳ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ይፈጃል፤ መሀል ላይ ከተቋረጠ በሽታው መድኃኒቱን ይለምዳል። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው ቢወሰዱ ችግር እንደሌለው በይፋ ተናግረዋል። ይህ ቃል ለጤና ባለሙያው ትልቅ ደጋፊ ነው። ብልህ ነርስ ጸበሉን አትነካም። "አባቶችም ፈቅደዋል፣ አባባ፤ ኪኒኑን አያቁሙ" ነው የምትለው።

ወደ ሕጉ ስንመጣ መሬት ሁሉን ይበልጣል። በሚስትና በርስት ዋዛ የለም የሚባልበት አገር ነው። መሬት በ1967 ዓ.ም. አዋጅ የሕዝብ ሀብት ከሆነ ወዲህ ገበሬው የመጠቀም መብት ነው ያለው። የዚህ መብት ማስረጃ የይዞታ ደብተር ነው። በክልሉ የባልም የሚስትም ፎቶ ደብተሩ ላይ ይለጠፋል። ይህች ትንሽ ፎቶ ለስንቷ ባሏ ለሞተባት ሴት ጠበቃ ሆናታለች።

የተለመደውን ሙግት ልንገራችሁ። ባል ይሞታል። ልጆቹ አልደረሱም ወይ ከተማ ገብተዋል። እናት በሬም አራሽም ስለሌላት መሬቱን ለእኩል ትሰጣለች። ውሉ በቃል ነው፤ ሰውየው የሥጋ ዘመድ ነዋ። ዓመታት ያልፋሉ። አንድ ቀን "ልቀቅልኝ" ስትለው "የኔ ነው" ይላል። ውሉ ተጽፎ ወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ ቢሆን ነገሩ በአንድ ቀጠሮ ያልቅ ነበር። አሁን ግን ምስክር ፍለጋ ነው፤ ምስክሮቹ ደግሞ የሁለቱም ጎረቤት።

ጉዳዩ ወረዳ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ከአጥሩ ውጭ ጃንጥላ ዘርግተው፣ ጠረጴዛና ወረቀት ይዘው የተቀመጡ ማመልከቻ ጸሐፊዎች አሉ። አብዛኛው ገበሬ ከሕግ ጋር የሚተዋወቀው በነሱ በኩል ነው። ጎበዙ ጸሐፊ ባለጉዳዩን አዳምጦ የሚጠይቀውን ዳኝነት ለይቶ ይጽፋል። ሌላው ሁለት ገጽ እሮሮ ጽፎ ዋናውን ጥያቄ ይረሳል፤ ያን ጊዜ መዝገቡ "አሻሽለህ አምጣ" ተብሎ ይመለሳል። ለዚያች እናት ደግሞ ሌላ የእግር መንገድ፣ ሌላ የአውቶቡስ ሒሳብ ነው። ነገሩ በይግባኝ ገፍቶ ሰበር ከደረሰ ደግሞ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መቀመጫ ባህር ዳር ነው። ከደብረ ብርሃን በዋናው አስፋልት ልሂድ ያለ ሰው መጀመሪያ አዲስ አበባ ይገባል፣ ከዚያ ዓባይን ይሻገራል።

ሰው ብዙ ጊዜ የማያውቃቸው መብቶች አሉ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው በደሃነት እንዲከስ ይፈቅዳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ጠበቃ ማቆም የማይችል ተከሳሽ ፍትሕ የሚጓደልበት ከሆነ በመንግሥት ወጪ እንዲቆምለት ይላል። ይህን መብት በተለይ እንደ ሸዋ ሮቢት ማረሚያ ቤት ባለበት ከተማ የሚሠራ የሕግ ባለሙያ በየቀኑ ነው የሚያነሳው። በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም የሕግ ባለሙያ ያወጣል፣ ነጻ የሕግ ድጋፍም ይሰጣል። የጤና ሳይንስ ካምፓሱ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም ይጠራል፤ በቀዶ ሕክምና ስመ ጥር የነበሩት ሐኪም።

ከፍርድ ቤት በፊት ሽምግልና አለ። በዚህ አገር ነገር መጀመሪያ የሚታየው በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በዛፍ ጥላ፣ በዕድር ስብሰባ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ጉዳይ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲታይ በር ከፍቷል። ብዙ ቂም በዚህ ደርቋል፤ የሚናቅ ነገር አይደለም። ግን ሴት ልጅ ተጠልፋ ወይ ተደፍራ "በሽማግሌ እንጨርሰው" ሲባል ዝም ማለት አይቻልም። ያ ወንጀል ነው። አስታራቂዎቹ የተከበሩ አባቶች በመሆናቸው ዐቃቤ ሕጉ ይፈተናል፤ እሱም የዚያው አገር ልጅ ነው።

ሦስቱ ሙያዎች፣ ጤናው፣ ሕጉና ማህበራዊ ሥራው፣ በአንድ ገመድ ላይ የሚታዩት ያለ ዕድሜ ጋብቻ ሲመጣ ነው። የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው። የወንጀል ሕጉ 13 ዓመት የሞላትን ልጅ ያገባ እስከ 3 ዓመት፣ ከዚያ በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት እስራት ይደነግጋል። ወረቀት ላይ ግልጽ ነው። መሬት ላይ ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚጀምረው ልጅቷ ለአስተማሪዋ በሹክሹክታ በምትናገራት አንዲት ቃል ነው። አስተማሪዋ ለወረዳው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማህበራዊ ጉዳይ ትናገራለች። አባት "18 ሞልቷታል" ይላል። የልደት ምስክር ወረቀት የለም። ስለዚህ ልጅቷ ለዕድሜ ምርመራ ወደ ሆስፒታል ትላካለች። ሐኪሙ ጥርሷን ያያል፣ የእጇን አጥንት በራጅ ያነሳል፣ ግምቱን ይጽፋል። የሐኪም ግምት ደግሞ የዓመት ሁለት ዓመት ልዩነት ሊኖረው ይችላል። ሐኪሙ ይህን በግልጽ ካልጻፈ ዳኛው ቁጥሩን እንደ እርግጥ ይወስደዋል፣ ወይም የተከሳሹ ጠበቃ ያፈርሰዋል። የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ዘመን፣ የትምህርት ቤት መዝገብ አብሮ ቢቀርብ ማስረጃው ይጠነክራል። ያን የሚያሰባስበው ማነው? የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ማህደር ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ግን ፖሊስ እሷን መጠየቅ ሁልጊዜ ትዝ አይለውም።

ከዚያ ደግሞ ማታ ይመጣል። ሠርጉ ተከልክሏል፣ አባት ተቆጥቷል፣ ልጅቷ ዛሬ የት ትደር? ለኔ የዚህ ሁሉ አገልግሎት ትልቁ ክፍተት ይህ ነው። ሐኪሙ ወረቀቱን ጽፏል፣ ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን ከፍቷል፤ ሁለቱም የድርሻቸውን አድርገዋል። አክስት ፈልጎ፣ የነፍስ አባት ለምኖ፣ በሳምንቱ ተመልሶ ትምህርት ቤት መሄዷን የሚያይ ሰው ከሌለ ግን ልጅቷ ሌላ ወረዳ ተወስዳ በድብቅ ትዳራለች። ይህ የሶሻል ወርከር፣ የማህበራዊ ሥራ ባለሙያ፣ ሥራ ነው። በየወረዳው ያሉት ደግሞ እጅግ ጥቂት ናቸው። ሙያው በአገራችን ራሱ ብዙ ተጎድቷል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት በደርግ ጊዜ ተዘግቶ የተከፈተው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው።

ያለፉት ዓመታት ይህን ሁሉ አክብደውታል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጠለች። በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ደረሰ፤ በአካባቢው የነበሩ ጤና ተቋማት ተዘረፉ። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ አምቡላንስም ቀጠሮ ያለው ባለጉዳይም አብረው ይቆማሉ። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ከወለጋና ከሌላም ቦታ የተፈናቀሉ ሰዎች በመጠለያ ካምፖች ዓመታት አስቆጥረዋል።

ለተፈናቃይ ከሁሉ የሚከብደው ወረቀት ማጣት ነው። መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የጋብቻ ወረቀት ከቤቱ ጋር ነደደ። ካርድ የሌለው ሕፃን ክትባቱን እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ይህ ቀላሉ ነው። ባሏ የተገደለባት ሴት ግን ወራሽነቷን ለማሳወቅ ጋብቻዋን ማስረዳት አለባት። ሕጉ መንገድ አለው፤ ወረቀት ከሌለ እንደ ባልና ሚስት ሲኖሩ ያዩ ምስክሮች ይሰማሉ። ጎረቤቶቿ ግን አንዱ ደብረ ብርሃን፣ ሌላው አዲስ አበባ፣ ሌላው የት እንዳለ አይታወቅም። ጠበቃው ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል። ምስክሮቹን የሚያገኝለት ደግሞ ካምፑን ድንኳን ለድንኳን የሚዞረው፣ ማን ከየት ቀበሌ እንደመጣ በደብተሩ የያዘው የማህበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ነው።