«እማማ፣ ድነዋል?» ጸጋ፣ እምነትና ሥራ ምንድን ናቸው?

ከደጀን ወደ ቢቸና በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። አንድ ጨዋ ወጣት አጠገቡ የተቀመጡትን እናት «እማማ፣ ድነዋል?» አላቸው። እሳቸውም ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው «ተመስገን ልጄ፣ ጉንፋኑስ ለቆኛል፤ ይቺ ወገቤ ናት እንጂ እምቢ ያለችኝ» ብለው መለሱለት። መኪናው በሙሉ ሳቀ። ልጁም አብሮ ሳቀና እንደገና ሊያስረዳቸው ሞከረ። እሳቸው ግን ወሬውን ወደ ጤፍ ዋጋ ወሰዱት።

እኔ መንገዱን ሙሉ ያን ጥያቄ ሳመላልሰው ነበር። ልጁ የጠየቀው ስላለቀለት ነገር ነው፤ ድነዋል ወይስ አልዳኑም። እናትየዋ ጥያቄው ቢገባቸውም ኖሮ «እሱ ያውቃል» ከማለት የሚያልፉ አይመስለኝም። ደፍሮ «ድኛለሁ» ማለት በእሳቸው ቤት ትዕቢት ነው። በልጁ ቤት ደግሞ «እሱ ያውቃል» ማለት እምነት ማጣት ነው። የሚያነቡት መጽሐፍ ግን አንድ ነው።

መጽሐፉ ደግሞ ለሁለቱም የሚሰጠው አያጣም። ኤፌሶን 2፥8 «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና» ይላል፤ አለቀ። 1ኛ ቆሮንቶስ 1፥18 «ለእኛ ለምንድን» ይላል፤ ገና በመሆን ላይ ነው። ማቴዎስ 24፥13 ደግሞ እስከ መጨረሻ የሚጸና እሱ «ይድናል» ይላል፤ ወደፊት ነው። አንዱን ይዞ ሌሎቹን መርሳት ነው ሰውን የሚያጣላው።

እሺ፣ ጸጋ ምንድን ነው? እኛ አገር ጎተራው የሞላ፣ ከብቱ የበዛለት ሰው ባለጸጋ ይባላል። ጸጋ ሀብት ነው፣ ስጦታ ነው። ጳውሎስ ቃሉን የሚያስቀምጠው ከደመወዝ በተቃራኒ ነው፤ ሠርተህ የተከፈለህ ደመወዝ ዕዳ ነው እንጂ ጸጋ አይደለም ይላል ሮሜ 4 ላይ። የቀን ሠራተኛ ማታ ገንዘቡን ሲቀበል ማንም ውለታ አልዋለለትም። ጸጋ ሳይሠሩ፣ ሳይገባቸው የሚቀበሉት ነው።

(ጎጃም ውስጥ ጸጋና ቅባት ሲባል ሌላ ነገር ትዝ የሚላቸው ሊቃውንት አሉ። እሱ ስለ ክርስቶስ ልደትና መቀባት የተነሣ የድሮ ክርክር ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠርተው ለተዋሕዶ ተፈረደ። የዛሬው ወሬያችን እሱ አይደለም።)

እምነትስ? «አለ» ብሎ መቀበል ብቻ ከሆነ አጋንንትም ያምናሉ፣ ይንቀጠቀጡማል። ይህን ያለው ያዕቆብ ነው። አማርኛው «መታመን» የሚል ሌላ ቃል አለው፤ ይሄ ይሻላል። እህሉን ጎረቤት ዘንድ አደራ አስቀምጦ ሌሊቱን ለጥ ብሎ የሚተኛ ሰው ጎረቤቱን ታምኗል።

ሥራ ላይ ስንደርስ ነው ነገሩ የሚጠብቀው። ጳውሎስ ሮሜ 3፥28 ላይ ሰው «ያለ ሕግ ሥራ በእምነት» ይጸድቃል ይላል። ያዕቆብ 2፥24 ላይ ደግሞ «በእምነት ብቻ ሳይሆን በሥራ» ይላል። ጭራሽ ሁለቱም ምስክር አድርገው የሚጠሩት አንድ ሰው ነው፤ አብርሃምን። ግን ልብ ብላችሁ አንብቡ። ጳውሎስ የሚጠቅሰው ዘፍጥረት 15ን ነው፤ አብርሃም ገና አልተገረዘም፣ ይስሐቅም አልተወለደም፣ የሰማውን ብቻ አመነ። ያዕቆብ የሚጠቅሰው ምዕራፍ 22ን ነው፤ ልጁን ይዞ ወደ ተራራው ሲወጣ። በመሃሉ ብዙ ዓመት አለ።

የሚያናግሯቸው ሰዎችም ይለያያሉ። ጳውሎስ ከአሕዛብ የመጣ ሁሉ ካልተገረዘ አይድንም ከሚሉት ጋር ነው የሚሟገተው። ያዕቆብ ደግሞ የተራበውን ሰው «በደኅና ሂድ፣ እሳት ሙቅ፣ ጥገብ» ብሎ በባዶ እጁ የሚሸኘውን አማኝ ነው የሚቆጣው። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱ ቢገናኙ ብዙም አይጣሉም ነበር።

በኋላ የመጡት ግን ተጣሉ። የፕሮቴስታንቶች አባት የሚባለው ሉተር በ1522 እ.ኤ.አ. ባወጣው የጀርመንኛ አዲስ ኪዳን ሮሜ 3፥28 ላይ «ብቻ» የሚል ቃል ጨመረ፣ የያዕቆብን መልእክትም የገለባ መልእክት አላት። የካቶሊክ ጉባኤ በትሬንት በ1547 እ.ኤ.አ. መለሰለት። ካቶሊኮችና ሉተራውያን በ1999 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ አውግስቡርግ ላይ አንድ የጋራ መግለጫ ፈረሙ። መሠረቱ ላይ ተስማምተናል፣ የቀረው ልዩነት የሚያወጋግዝ አይደለም አሉ።

የኛዋ ተዋሕዶ ከዚህ ክርክር ውጪ ነበረች። ግን «እናንተ በሥራ ነው የምትድኑት» የሚል ሰው ሲገጥመኝ አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ ምን ሠርታ ነው? ጡት ከመጥባትና ከማልቀስ በቀር ምንም። መጀመሪያ ጸጋው ይሰጣል። ጾሙ፣ ስግደቱ፣ ምጽዋቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የበላዔ ሰብእን ታሪክም ብዙ ሰው አጣሞ ነው የሚረዳው። የካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት የሚተረከው ነው። 78 ነፍስ የበላው ሰው ለተጠማ ለምጻም በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ ሰጠ። ሲሞት በፍርድ ሚዛኑ ባንድ ወገን 78ቱ ነፍሳት፣ በሌላው ወገን ጥርኝ ውሃ። አንዳንዱ «አየህ፣ በጥርኝ ውሃ ጸደቀ» ይላል። ውሃው ብቻውን መች መዘነ! እመቤታችን ጥላዋን ስትጥልበት ነው የመዘነው። ታሪኩ እንደኔ ስለ ውሃው ትልቅነት ሳይሆን ስለ ትንሽነቱ ነው። ግን ደግሞ ጥርኟ ውሃም ባትኖር ጥላው የሚያርፍበት አልነበረም።

እውነቱን እንነጋገር ካልን እኛም ሒሳብ እንወዳለን። ጽድቅን እንደ እድር መዋጮ የሚቆጥር ሞልቷል፤ ይሄን ያህል ዝክር፣ ይሄን ያህል ጧፍ፣ ይሄን ያህል ስግደት፣ ደረሰኙ ብቻ ነው የቀረው። «ለጽድቅ ብዬ ባዝላት ታዝላ ቀረች» የሚለው ተረት የዚህ ሰው ነው። ያዘላት ለእሷ ብሎ አይደለማ።

ለኔ ነገሩን የፈታልኝ «ጸደቀ» የሚለው ቃል ራሱ ነው። ፓርላማ ላይ አዋጅ ጸደቀ እንላለን፤ ድምፅ ተሰጠ፣ አለቀ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሕግ ነው። ሉተር ጽድቅን የሚያየው እንደዚህ ነው፤ ዳኛው «ነጻ ነህ» ብሎ ፈረደ፣ በደለኛው ነጻ ወጣ። ችግኝም ጸደቀ እንላለን። ይሄኛው በአንድ ቀን አያልቅም። ሥር መያዝ አለበት። አፈሩንም ዝናቡንም ችግኙ አላመጣቸውም፣ ግን ሥሩን መስደድ አለበት፣ ቅጠልም ማውጣት አለበት። ቅጠሉ አይደለም ያጸደቀው። ቅጠል የሌለውን ግን ማንም ጸድቋል አይልም። የተዋሕዶ መምህራን ስለ መዳን ሲያስተምሩ የምሰማው ይሄኛውን ነው። የሚኒባሱ ልጅ አዋጁን ይዞ ነው የጠየቀው፣ እናትየዋ ያሉት ችግኙ ዘንድ ነው። በቀኙ የተሰቀለው ወንበዴ፣ ፈያታዊ ዘየማን፣ ለሁለቱም ወገን ምስክር ነው። አንዲት ቀን አልጾመም፣ «ዛሬ ከእኔ ጋር» ተባለ። ግን ከመስቀሉ ላይ ሆኖ ጓደኛውን ገሠጸ፣ ጥፋቱን አመነ፣ «አስበኝ» ብሎ ለመነ። ያ ሁሉ ሥራ ነው፣ ጊዜው አጠረ እንጂ።

አክስቴ ከጓሮዋ ጌሾ ተክላ ነበር። ሐምሌ ላይ ነው የተከለችው፣ እኔ የሄድኩት ኅዳር ላይ። አንዱ ችግኝ ቅጠሉ ረግፎ እንጨት ብቻ ሆኖ ቆሟል። ደርቋል ብዬ ልነቅለው ስል እጄን ያዘችኝ። ጎንበስ ብላ ልጡን በጥፍሯ ፋቅ አደረገችው። ከሥሩ አረንጓዴ ነው።

«ጸድቋል» አለች። «ግን ፍየሎቹ አሉ» ብላ እሾህ ልትቆርጥ ሄደች።