ትንሣኤ ሙታን ምንድን ነው?

ሰው ሲሞት «አሁን ሰማይ ቤት ሆኖ እያየን ነው» እንላለን። ደግ ንግግር ነው፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ ማንም አይከራከርበትም። ግን ብዙዎቻችን ስለ ዘላለም ሕይወት ያለን ሐሳብ እዚያው ላይ ያበቃል፦ ሥጋ ይቀበራል፣ ነፍስ ትሄዳለች፣ አለቀ። ክርስትና የሚለው ከዚህ የከበደ ነው፣ እውነቱን ለመናገር ለማመንም የሚከብድ። የሞቱት ይነሣሉ ነው የሚለው። ያውም በሥጋ።

በየቅዳሴው በጸሎተ ሃይማኖት የሙታንን መነሣት ተስፋ እናደርጋለን የሚባለው ይኸው ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር የመጨረሻው ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ነው። ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም እዚህ ላይ ጠብ የላቸውም። ልዩነቱ የሚመጣው «እስከዚያ ቀን ድረስ ሙታን የት ናቸው?» ሲባል ነው። በኦርቶዶክሱ ትምህርት የጻድቃን ነፍስ በገነት፣ የኃጥአን ነፍስ በሲኦል ትቆያለች፤ መንግሥተ ሰማያትና ገሃነመ እሳት የሚመጡት ከትንሣኤና ከፍርድ በኋላ ነው። ገነትንና መንግሥተ ሰማያትን እያምታታን የምናወራ ብዙ ነን። ፍትሐቱ፣ አርባው፣ ተዝካሩ ሁሉ ቦታ ያለው በዚህ በመሀል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ፕሮቴስታንቱ ለሞተ ሰው መጸለይን አይቀበልም። አድቬንቲስቱ ደግሞ ሙታን እስከ ትንሣኤ ቀን ተኝተዋል፣ ምንም አያውቁም ይላል።

አንድ ነገር እንለይ። የአልዓዛር መነሣት ይሄ አይደለም። አልዓዛር በአራተኛው ቀን ከመቃብር ወጣ፣ ግን ወደዚያው ወደ ድሮ ኑሮው ነው የተመለሰው፤ ኋላም እንደማንኛውም ሰው ሞቷል። ትንሣኤ ሙታን የሚባለው ሞት የማይመለስበት መነሣት ነው። ምን ዓይነት አካል ነው ታዲያ? ወንጌል ላይ ያለው ብቸኛ ናሙና የክርስቶስ ነው፤ እሱም ግራ ያጋባል። ዓሣ ይበላል፣ ቶማስ ቁስሉን እንዲነካ ይጋብዘዋል፣ በሌላ በኩል በተዘጋ በር ይገባል፤ የኤማሁስ መንገደኞች አብረውት ሲሄዱ ውለው የለዩት እንጀራ ሲቆርስ ነው። ጳውሎስም ሊያብራራ ሲሞክር ያገኘው የዘር ምሳሌ ነው፦ የምትዘራው ቅንጣት ነው፣ የሚወጣው ሌላ መልክ ያለው ነገር ነው፣ ግን ያው ያንተው ስንዴ ነው። ከዚህ በላይ ዝርዝር ብትጠይቀው «አንተ ሞኝ» ብሎ ነው የሚመልስልህ፤ አንደኛ ቆሮንቶስ 15 ላይ ታገኘዋለህ።

ለእኔ ይበልጥ የሚገርመኝ ሐሳቡ የመጣበት መንገድ ነው። ብሉይ ኪዳንን ትንሣኤ ፍለጋ ብታገላብጠው ብዙ አታገኝም። መክብብ ሙታን አንዳች አያውቁም ብሎ ቁርጡን ይነግርሃል። መዝሙረኛው «ለሙታን ተአምራት ታደርጋለህን?» ብሎ እግዚአብሔርን ይሞግታል። በግልጽ የሚናገረው ዳንኤል 12 ነው፤ በምድር ትቢያ ካንቀላፉት ብዙዎች ይነቃሉ፣ እኩሌቶቹ ለዘላለም ሕይወት፣ እኩሌቶቹ ለእፍረት። ትውፊቱ መጽሐፉን በባቢሎን ምርኮ ዘመን ያኖረዋል። ብዙ የዘመናችን ተመራማሪዎች ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ167 እስከ 164 ድረስ ከነበረው ስደት ጋር ያያይዙታል። ያኔ የሶርያው ንጉሥ አንጥያኮስ 4ኛ አይሁድን ሕጋችሁን ተዉ እያለ ያስገድል ነበር። እንግዲህ አስበው፦ ሕጉን የጠበቀው ታረደ፣ የካደው ተረፈ። እግዚአብሔር ፈራጅ ከሆነ ይህ ሒሳብ መቼ ነው የሚወራረደው? በዚህ በኩል ካየኸው ትንሣኤ መጀመሪያ የሐዘን ማጽናኛ አልነበረም፤ የፍትሕ ጥያቄ ነበር። መጽሐፈ ሄኖክም ምዕራፍ 51 ላይ ምድር የተሰጣትን አደራ ትመልሳለች፣ ሲኦልም የተቀበለውን ይመልሳል ይላል። አደራ ነው ያለው! የተገደለው ሰው ተረስቶ አልቀረም፣ ምድር ዘንድ በአደራ ተቀምጧል ማለት ነው።

ስለዚህ «ይሄ የፈሪዎች ማጽናኛ ነው፣ ሞትን ስለምንፈራ የፈጠርነው ነው» የሚለውን ክርክር ስሰማ ግማሹን እቀበላለሁ፣ ግማሹን አልቀበልም። ለማጽናኛ ከሆነማ ነፍስ አትሞትም የሚለው የግሪኩ ፈላስፋ የፕላቶን ትምህርት ይበቃ ነበር፣ መቃብር መቆፈር ውስጥ መግባት አያስፈልግም ነበር። ጳውሎስም አቴና ላይ ስለ ሙታን መነሣት ሲናገር እኩሌቶቹ አሾፉበት። በሰው ዘንድ ተቀባይነት ለማግኘት የሚፈልግ ሰው የሚመርጠው ስብከት አልነበረም።

የማያምነውም ሞኝ አይደለም። ሰዱቃውያን የቤተ መቅደስ ሰዎች ነበሩ፤ ትንሣኤ የለም ይሉ ነበር፤ ሰባት ወንድማማቾችን ተራ በተራ ያገባችው ሴት በትንሣኤ የማን ትሆናለች ብለው የጠየቁት እነሱ ናቸው። ማቴዎስም የተነሣውን ክርስቶስን በዓይናቸው ካዩት መካከል አንዳንዶች ተጠራጠሩ ብሎ ሳያፍር ጽፏል።

ጥርጣሬን በአደባባይ ካወጡት ሰዎች መካከል እኔ የምወደው የአራተኛውን መቶ ዓመት ጳጳስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስን ነው። እ.ኤ.አ. በ379 ገደማ ወንድሙ ባስልዮስ ሞተበት። ሐዘኑን ይዞ እህቱ ማቅሪና ጋ ሄደ፤ እሷም በሞት አልጋ ላይ ናት። ንግግራቸውን ኋላ በጽሑፍ አስቀምጦታል፤ በዚያ ውስጥ የተጠራጣሪውን ቦታ የያዘው ጳጳሱ እሱ ራሱ ነው፣ መልስ የምትሰጠው እህቱ ናት። ጥያቄዎቹ ደግሞ ዛሬ የምንጠይቃቸው ናቸው። ሰው ከሕፃንነቱ እስከ እርጅናው አንድ ዓይነት ሥጋ የለውም፤ ታዲያ የሚነሣው የትኛው ነው? ሕፃኑ? ሽማግሌው? በበሽታ ያለቀው? የማቅሪና መልስ ባጭሩ፣ ትንሣኤ ማለት ተፈጥሯችን ወደ መጀመሪያው ክብሩ መመለስ ነው፤ እርጅናውና በሽታው አብሮ አይመጣም የሚል ነው። ሁሉንም ጥያቄ ይዘጋል አልልም። ግን ለሚያዝን ሰው «እምነትህ የት ሄደ?» ከማለት በስንት ጣዕሙ!

«ለዘላለም መኖር አይሰለችም?» የሚለውም ጥያቄ አለ። ማለቂያ የሌለው ጊዜ ብቻ ከሆነ ይሰለቻል፣ እንዴት አይሰለችም። ዮሐንስ 17 ላይ ግን የዘላለም ሕይወት የተፈታው በዓመት ብዛት አይደለም፤ እግዚአብሔርንና የላከውን ክርስቶስን ማወቅ ነው ተብሎ ነው። ጎርጎርዮስም ይህ ማወቅ ማለቂያ የለውም፣ ሰው ሁልጊዜ ወደፊት እየተዘረጋ ይሄዳል ይላል። ይሄኛው ይገባኛል።

የማይዋጥልኝ የፍርዱ በኩል ነው። ፍትሕ ይሁን ብለን የጀመርነው ነገር ማለቂያ የሌለው ቅጣት ላይ ሲደርስ ብዙ ሰው ይቆማል፣ እኔም እቆማለሁ። ጎርጎርዮስ ራሱ እሳቱ የሚያጠራ ነው፣ በመጨረሻ ሁሉም ይመለሳል የሚል ተስፋ ነበረው። ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ብላ ታከብረዋለች፣ ይህን ሐሳቡን ግን አልተከተለችም። ጳውሎስ በበኩሉ ሌላውን ጫፍ ሳይሸሽ አስቀምጦታል፦ ሙታን የማይነሡ ከሆነ ስብከታችን ከንቱ ነው፣ እንብላ እንጠጣ፣ ነገ እንሞታለንና።