የውድድር ፈረስ መንጋ አይደለም፣ እባካችሁ

የጠዋት ልምምድ ቪዲዮ ቤተሰብ ግሩፕ ላይ በለቀኩ ቁጥር «ወይ መንጋው ሲያምር» የሚል አይጠፋም፣ አክስቴ ሳትቀር «እኚህ ሁሉ የሼኩ ናቸው?» ትለኛለች። ዱባይ ፈረስ ቤት ነው የምሰራው፣ መልሱን እየደጋገምኩ ስለሰለቸኝ እዚሁ ልጻፈውና ልገላገል።

«መንጋ ናቸው»፦ አይደሉም። እያንዳንዱ ለብቻው ክፍል አለው፣ ባዝራና ድንጉላ አንድ ላይ ልቀቁና ጉዱን እዩ። ጠዋት አንዱ ካንዱ ኋላ ተሰልፈው የሚወጡት የአንድ አሰልጣኝ ፈረሶች ናቸው፣ እንግሊዞች ስትሪንግ ይሏቸዋል። ለውድድር የሚሰለፉት ግን ፊልድ ነው የሚባሉት፣ ከየቦታው የመጡ ናቸው፤ አሜሪካ ኬንታኪ ደርቢ የሚባለው ውድድር ላይ ቢበዛ 20፣ እንግሊዝ ግራንድ ናሽናል ላይ ድሮ 40 ነበር ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 34 ሆኗል።

«አንድ ላይ ከወጡ የአንድ ባለቤት ናቸው»፦ እኔን የሚያበግነኝ ይሄ ነው። ፈረስ አሰልጣኝ ጋ ማስገባት ልጅን አዳሪ ትምህርት ቤት እንደማስገባት ነው፣ ባለቤቱ ይከፍላል አሰልጣኙ ይይዛል፣ አንድ አሰልጣኝ ግቢ ውስጥ የብዙ ሰው ፈረስ አለ፣ እንደ ጎዶልፊን ያለ ትልቅ ባለቤት ደግሞ ፈረሶቹን ለተለያዩ አሰልጣኞች ያከፋፍላል። ስለዚህ ጠዋት ተከታትለው የወጡት ሁለቱ ከሰአት ተቃራኒ ሆነው ሊሮጡ ይችላሉ። ጆኪው (ጋላቢው) የሚለብሰው ቀለም የባለቤቱ ነው፣ የአሰልጣኙ አይደለም፤ ባለቤቱ አንድ ውድድር ላይ ሁለት ፈረስ ካለው መለያው ኮፍያው ነው። የአክስቴን ልጅ ሜዳን የሚባለው የዱባይ ፈረስ መወዳደሪያ ይዤው ሄጄ «ሰማያዊው! ሰማያዊው!» እያለ ጉሮሮው እስኪዘጋ ጮኸና አሸነፍን ብሎ አቀፈኝ፣ ያሸነፈው ሌላው ሰማያዊ፣ ባለ ነጭ ኮፍያው ነው፣ የሱ ገና ከኋላ እየመጣ ነበር። ሸሚዙን ትታችሁ ኮፍያውን እዩ፣ ከዛ በፊት ደግሞ ፕሮግራሙ ላይ የአሰልጣኙን ስም አንብቡ።

«የአንድ ግቢ ፈረሶች ይተጋገዛሉ»፦ ግማሽ እውነት። ፊት ሆኖ ፍጥነት የሚያወጣ ፈረስ ማስገባት ይቻላል፣ 14 ጊዜ ሮጦ 14ቱንም ያሸነፈው ፍራንኬል የሚባለው ፈረስ፣ የእናቱ ልጅ ቡሌት ትሬን ነበር ብዙ ጊዜ ከፊት የሚመራለት። ግን እንግሊዝ ውስጥ ለግቢው ሌላ ፈረስ ቦታ ልልቀቅለት ብሎ ከመስመር የወጣ ጆኪ ይቀጣል።

«ሁሉም ልደታቸው አንድ ቀን ነው»፦ ወረቀት ላይ አዎ፣ ጃንዋሪ 1፣ አውስትራሊያ ኦገስት 1። ባዝራዋ ግን በወረቀት አትወልድም።

እንግሊዝ ያላችሁ በአይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ኒውማርኬት ሂዱ፣ 3,000 ገደማ ፈረስ የሚሰለጥንበት ከተማ ነው፣ ዋረን ሂል ጋ በጠዋት ቆሞ ማየት በነጻ ነው። ውሻ ካላችሁ በገመድ ያዙት፣ ጃንጥላ አጠገባቸው አትዘርጉ፣ መንገድ ሲያቋርጡ ካገኛችኋቸው መኪናችሁን አቁማችሁ አሳልፏቸው፣ ክላክስ የሚባል ነገር እንዳትነኩ።