ለቅዱስ ቁርባን የሚደረግ ዝግጅት በካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን

በካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ቁርባንን ለመቀበል የሚደረገው ዝግጅት የነፍስም የሥጋም ነው። የነፍሱ ዝግጅት የሕሊና ምርመራንና ምሥጢረ ንስሐን የሚይዝ ሲሆን፣ መሠረቱ ቅዱስ ጳውሎስ «ሰው ግን ራሱን ይፈትን» ሲል ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው ቃል ነው (1ቆሮ. 11፥28)። የሥጋው ደግሞ ከመቁረብ በፊት የሚጾመው ጾም ነው።

ቅዱስ አውግስጢኖስ በዘመኑ ምእመናን ምንም ሳይቀምሱ ይቆርቡ እንደነበር መስክሯል። እ.ኤ.አ. በ1215 የተሰበሰበው አራተኛው የላተራን ጉባኤ ምእመናን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲናዘዙና በፋሲካ እንዲቆርቡ ደነገገ።

የጾሙ ሕግ በሰፊው የተለወጠው በ20ኛው ምዕተ ዓመት ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 1953 ድረስ ቆራቢው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ አንድ ጉንጭ ውሃ እንኳ አይቀምስም ነበር። በዚያ ዓመት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ር.ሊ.ጳ.) ፒዮስ 12ኛ የሌሊት ሠራተኞችንና ራቅ ወዳሉ መንደሮች የሚጓዙ ካህናትን ድካም በአባታዊ ርኅራኄ ተመልክተው፣ ውሃ ጾሙን እንደማያፈርስ ወሰኑ፤ የማታ ቅዳሴም ፈቀዱ። በ1957 ጾሙ ለምግብና ለአልኮል መጠጥ ሦስት ሰዓት፣ ለሌላ መጠጥ አንድ ሰዓት ሆነ። በ1964 ደግሞ ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛ ሁሉንም ወደ አንድ ሰዓት አወረዱት። ዛሬ በላቲን ሥርዓት (በምዕራባውያኑ የካቶሊክ ሥርዓት) የሚሠራበት ይኸው ነው፤ ውሃና መድኃኒት አይከለከሉም፣ አረጋውያን፣ ሕሙማንና አስታማሚዎቻቸውም በሰዓቱ አይገደዱም። ሰዓቱ የሚቆጠረው እስከ መቁረቢያው ጊዜ እንጂ ቅዳሴው እስከሚጀመርበት አይደለም፤ ስለዚህ ከጠዋቱ 1፡40 ላይ የሚቆርብ ሰው 12፡30 ላይ ሻይ ጠጥቶ ቢመጣ ሕጉን አልተላለፈም። ጾምን ከልጅነቱ በሚያውቅ ሕዝብ ዘንድ ግን ይህ ጾም መባሉ ራሱ ሳያነጋግር አይቀርም።

ጾሙ እንዲህ ሲቀል የንስሐው ግዴታ አልቀለለም። ከባድ ኃጢአት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ሳይናዘዝ አይቆርብም፤ ብርቱ ምክንያት ኖሮት የሚናዘዝበት ዕድል ካጣ ብቻ፣ በፍጹም ጸጸትና በተቻለ ፍጥነት ለመናዘዝ ቆርጦ ሊቀርብ ይችላል። ቀላል ኃጢአት ግን ከመቁረብ አያግድም። ተፋተው በመንግሥት ሕግ ዳግመኛ ያገቡ ምእመናንን በተመለከተ እ.ኤ.አ. ከ2016ቱ የር.ሊ.ጳ. ፍራንሲስ ሐዋርያዊ ምክር (የማስተማሪያ ሰነድ) ወዲህ፣ ይቆርባሉ ወይስ አይቆርቡም በሚለው ላይ የጳጳሳት አተረጓጎም አንድ ዓይነት አይደለም።

ለሕፃናት እ.ኤ.አ. በ1910 ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 10ኛ ሰባት ዓመት ገደማ ላይ የሚጀምረውን የማስተዋል ዕድሜ መነሻ አደረጉ። ልጁ ይህን ኅብስት ከተራ እንጀራ ለይቶ ማወቁ ይበቃል፤ ትምህርተ ክርስቶስን በቃሉ መዝለቅ አይጠበቅበትም። ከመጀመሪያው ቁርባን በፊት ግን ይናዘዛል፤ እርሱን የማዘጋጀቱም ኃላፊነት በቅድሚያ የወላጆቹ፣ ቀጥሎም የቆሞሱ (የቁምስናው ኃላፊ ካህን) ነው።

የግእዝ ሥርዓት ተከታይ የሆኑ ኢትዮጵያውያን ካቶሊካውያን የሚመሩት እ.ኤ.አ. በ1990 በታወጀው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ቀኖና ነው። ቀኖናው አንድ ሰዓት ብሎ አይወስንም፤ ምእመኑ በጾምም ሆነ በጸሎት ለቁርባን ሲዘጋጅ የገዛ ቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት እንዲጠብቅ ያዝዛል። ይህም ከአገር ውጭ በተቻለ መጠን ይጸናል፤ ስለዚህ ሮም ወይም ዋሽንግተን በላቲን ቁምስና የሚያስቀድስ የግእዝ ሥርዓት ምእመን የራሱን ሥርዓት አገር ቤት ትቶት አይሄድም።