ህንዶች አክተር ስላዩ ብቻ አይመርጡም

ባለፈው እሁድ ዘመድ ቤት ቡና ላይ ነበርን። ቴሌቪዥኑ ላይ የህንድ ፊልም ተከፍቷል። ጋሼ ወደ ዋናው አክተር እያመለከቱ «ይሄ ልጅ ነገ ቢወዳደር ጠቅላይ ሚኒስትር ነው። ህንዶች እኮ አክተር ካዩ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚመርጡት» አሉ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔ ሳቄ አልመጣም። ህንድ ተምሬ ከተመለስኩ ጀምሮ ይህን ነገር ሳልሰማ ያለፈኝ ወር የለም። በእውነት ታክቶኛል። ያኔ ቡናውን ላለመበጥበጥ ዝም አልኩ፤ እዚህ ግን ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ትንንሾቹን የተሳሳቱ ወሬዎች ላስቀድም።

«ኢንድራ ጋንዲ የማህተመ ጋንዲ ልጅ ናት።» አይደለችም። የመጀመሪያው የህንድ ጠቅላይ ሚኒስትር የኔህሩ ልጅ ናት። ጋንዲ የሚለው ስም በ1942 ካገባችው ከፌሮዝ ጋንዲ የመጣ ነው፤ እሱም ከማህተመ ጋንዲ ጋር አይዛመድም።

«ህንድ ውስጥ ጮሆ የማይናገር መሪ አይሆንም።» ማንሞሃን ሲንግ ሲናገሩ ጆሮ መቅረብ ያስፈልግ ነበር። ከ2004 እስከ 2014 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ቆዩ። በ1999 ለታችኛው ምክር ቤት ደቡብ ዴልሂ ላይ ተወዳድረው ተሸንፈው ነበር፤ ፓርላማ የነበሩት በላይኛው ምክር ቤት በኩል ነው።

«ሞዲ አይነካም።» በ2019 ፓርቲው 303 ወንበር ነበረው። በ2024 ወደ 240 ወረደ። ብቻውን መንግሥት ለመመስረት 272 ያስፈልገው ስለነበር ከሌሎች ጋር መጣመር ግድ ሆነበት። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ሞዲ አዮዲያ ውስጥ ትልቁን የራማ ቤተ መቅደስ መርቀው ነበር። ሰኔ ላይ ድምፅ ሲቆጠር ግን አዮዲያ ያለችበትን የፋይዛባድን ወንበር ተነጠቁ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። «ድሃው ሕዝብ ፊልሙንና እውነቱን አይለይም፤ አክተሩን አምላክ ነው ብሎ ይመርጠዋል» የሚባለው።

ለዚህ ሁሌ የሚጠቀሰው ኤንቲ ራማ ራኦ ነው። አገሬው ኤንቲአር ይለዋል። በደቡብ ህንድ በሚነገረው በቴሉጉ ቋንቋ ፊልሞች ላይ የሂንዱ አማልክቱን ክሪሽናን ሆኖ፣ ራማን ሆኖ ሲጫወት የኖረ ሰው ነው። መጋቢት 1982 ላይ ቴሉጉ ዴሳም የሚባል ፓርቲ አቋቋመ። ጥር 1983 ላይ የአንድራ ፕራዴሽን ግዛት ያኔ አገሪቱንም ይገዛ ከነበረው ከኮንግረስ ፓርቲ እጅ ነጠቀ። እስከዚህ ያለውን ብዙ ሰው ያወራዋል። ከዚያ በፊት የሆነውን ግን የሚያነሳ የለም። ኮንግረስ በአንድ የምርጫ ዘመን ውስጥ ለዚያ ግዛት አራት ዋና ሚኒስትር፣ ማለትም የግዛቱን መንግሥት የሚመራ ሰው፣ አፈራርቆበታል። ማን እንደሚሾም፣ ማን እንደሚነሳ የሚወሰነው ዴልሂ ነበር። በ1982 መጀመሪያ ደግሞ የጠቅላይ ሚኒስትሯ የኢንድራ ልጅ ራጂቭ ጋንዲ በግዛቱ ዋና ከተማ ሃይደራባድ ኤርፖርት ላይ፣ ብዙ ሰው ይዘው ሊቀበሉት የወጡትን ዋና ሚኒስትር አንጃያን በአደባባይ ተቆጣቸው። ያገሬው ሰው ይህን እንደ ራሱ ውርደት ቆጠረው። ኤንቲአር «የቴሉጉ ሕዝብ ክብር» ብሎ የተነሳው ቁስሉ ሳይደርቅ ነው። መኪና ላይ ቆሞ ገጠር ለገጠር ዞረ። ሌላው ቃሉ ደግሞ ለማንም የሚገባ ነበር፤ ሩዝ ኪሎው በ2 ሩፒ።

ቪሳካፓትናም ስማር ከተከራየሁት ቤት ፊት ለፊት ጠዋት ጠዋት ኢድሊ የሚሸጡ አሮጊት ነበሩ። ኢድሊ ከሩዝና ከጥራጥሬ ሊጥ በእንፋሎት የሚበስል ነጭ ነገር ነው። ሁላችንም «አማ» ነበር የምንላቸው፤ በቋንቋቸው እናት ማለት ነው። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ እያስተረጎመልኝ ስለ ኤንቲአር ጠየቅኳቸው። ስለ ፊልሞቹ ያወሩኛል ብዬ ነበር። እጃቸውን በሳሪያቸው ጫፍ ጠረጉና ከቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ የራሽን ካርድ አወጡ። ጠርዙ ተበልቷል። «ሲኒማ የሚወደው ባሌ ነበር» አሉኝ። «እኔ የማስታውሰው ሩዙን ነው። ልጆቼ ማታ ጠግበው መተኛት የጀመሩት ያኔ ነው።» በኋላስ? «በኋላማ ለሌላ ሰጠሁ። ሰፈራችን ውሃ እናስገባለን ብለው አላስገቡልንም።»

እሳቸው ብቻ አይደሉም። በ1989 ኤንቲአር ሥልጣኑን አጣ። ከተወዳደረባቸው ሁለት ወንበሮች በአንዱ፣ ካልዋኩርቲ በሚባለው፣ ራሱ ተሸነፈ። አምላክ ነው ብለው ከነበረ የመረጡት አምላክን እንዴት በስድስት ዓመት ያወርዱታል?

ሁለተኛው የሚጠቀሰው ታሚል ናዱ በምትባለው ሌላዋ የደቡብ ግዛት የነበረው አክተር ኤምጂአር ነው። እዚህ ላይ ሰው የሚስተው ነገር ይበልጥ ያናድደኛል። ኤምጂአር ዝነኛ ከሆነ በኋላ ወደ ፖለቲካ የገባ ይመስላቸዋል። ዲኤምኬ የሚባለውን ፓርቲ የተቀላቀለው በ1953 ነው። የፓርቲው መሪዎች ራሳቸው የፊልም ድርሰት ይጽፉ ነበር። ፊልሙና ፓርቲው አንድ ላይ ነው ያደጉት። ከዚያ የአድናቂ ማኅበር የሚባለው አለ። እኛ አድናቂ ስንል ፖስተር የሚለጥፍ ጎረምሳ ይታየናል። የእነሱ በየሰፈሩ ሊቀ መንበርና ጸሐፊ ያለው ማኅበር ነው። ኤምጂአር በ1972 ከፓርቲው ሲባረር እነዚያ ማኅበራት የአዲሱ ፓርቲው ቅርንጫፍ ሆኑ። በ1977 ዋና ሚኒስትር ሆነ። በ1982 የትምህርት ቤት ምሳውን በሰፊው አስፋፋ። ልጅ እያለ አባቱ ሞቶበት በረሃብ ያደገ ሰው ነው፤ ይህን ደግሞ ሕዝቡ ያውቅ ነበር።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ በታሚል ናዱ የ1989ን ምርጫ ተመልከቱ። ኤምጂአር ሞቷል፤ ፓርቲው ለሁለት ተሰንጥቋል። በአንዱ ወገን ሚስቱ ጃናኪ አለች፤ የድሮ አክትረስ ናት። በሌላው ጃያላሊታ አለች፤ ብዙ ፊልም አብራው የሠራች። ከጃናኪ ጋር የተጣመረው ደግሞ ሲቫጂ ጋኔሳን ነው፤ በትወና ከኤምጂአር ይበልጣል የሚሉት ብዙ ናቸው። ሦስት የፊልም ሰው በአንድ ምርጫ! ጃናኪ ወንበሯን አጣች። ሲቫጂ ወንበሩን አጣ። የጃያላሊታ ወገን ከ234 ወንበር 27 አገኘ። ያሸነፈው የዲኤምኬው ካሩናኒዲ ነው። እሱ ፊልም ይጽፍ እንጂ አክተር አልነበረም። እዚያ ላይ የምርጫ ኮሚሽኑ «ሁለት ቅጠል» የሚባለውን የድሮውን የፓርቲ ምልክት ለሁለቱም ከልክሎ ለአንዷ ዶሮ፣ ለሌላዋ ርግብ ሰጥቶ ነበር። ሰው ጣቱን ሲያሳርፍበት የኖረው ምልክት ከወረቀቱ ላይ ጠፋ። ወገኖቹ ታርቀው ሁለት ቅጠልን መልሰው ካገኙ በኋላ፣ በ1991፣ ጃያላሊታ ከኮንግረስ ጋር ተጣምራ አሸነፈች። በ1996 ደግሞ ሕዝቡ ራሷንም ጭምር ጣላት።

ቺራንጂቪ የቴሉጉ ትልቁ ስታር ነበር። በ2008 ፓርቲ መሠረተ። ስብሰባው ሁሉ እንደ ጎርፍ ሰው ነበር። በ2009 ከ294 ወንበር 18 አገኘ፤ ከዚያ ፓርቲውን ወደ ኮንግረስ ቀላቀለው። የታሚሉ አክተር ካማል ሃሳን በ2021 ኮይምባቶር ላይ ተሸነፈ። እነዚህን ማንም አይጠቅስም፤ የሚወራው ያሸነፉት ብቻ ነው።

«ያልተማረው ነው የሚያበላሸው» የምትሉም አላችሁ። በ2024 ሃይደራባድ፣ ያ ሁሉ የሶፍትዌር ቢሮ ያለባት ከተማ፣ ድምፅ ለመስጠት የወጣው ከመራጩ ግማሽ እንኳ አልሞላም። በአገር ደረጃ ግን ወደ 66 በመቶ ወጥቷል። የገጠሩ ሰው ነው በፀሐይ የሚሰለፈው።

እና እባካችሁ፣ «እገሌ የሚባል አክተር ፓርቲ መሠረተ» የሚል ዜና ስትሰሙ ወዲያው አሸናፊ አታድርጉት። ስብሰባው ላይ የተሰበሰበውን ሰው አትቁጠሩ፤ ያ ሰው ፊቱን ሊያይ የመጣ ሊሆን ይችላል። በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚሄድለት ሰው አለው ወይ? ከማን ጋር ተጣመረ? ገዢው ፓርቲ ምን አስቀይሟል? ምልክቱን ሰው ለምዶታል? ለድሃ ማድቤት ምን አስገባለሁ አለ? የሩዙ ጥያቄ መልስ ከሌለው ፖስተሩ ቢደረደር ዋጋ የለውም።

ጋሼ የፊታችን እሁድ ቡና ጠርተውኛል። ከቺራንጂቪ ነው የምጀምርላቸው።