አረፋ አፍ አይፈታም፦ ስለ በጋ ጨዋታና ስለ ልጆች ንግግር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ትምህርት ቤት በበጋ በሚዘጋበት አገር፣ በጋው ሲገባ፣ ልጁ አፍ ለመፍታት የዘገየበት ወላጅ ምክር ይበዛበታል። አረፋ ንፉለት። አሸዋ ላይ ይጫወት። ውሃ ውስጥ ይንቦጫረቅ። የበጋ ስዕል ያለበት ካርድ አትሙለት። ምክሩ ክፋት የለውም። ችግሩ ከጨዋታው ጋር ተለጥፎ የሚመጣው ማብራሪያ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ሁለት ዓመት አልፎት ዝም ሲል እኔም ብዙውን አምኜ ነበር። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«አረፋ መንፋት የአፍ ጡንቻን ያጠነክራል፤ ከዚያ ንግግር ይመጣል»

ይሄኛው በጣም የተስፋፋ ነው። አረፋ መንፋት፣ ፊሽካ መንፋት፣ በስትሮ መምጠጥ፣ ምላስን ወደ አፍንጫ መዘርጋት። ሲሰሙት ያሳምናል። ምላስ ጡንቻ ነው፤ ጡንቻ ደግሞ በስፖርት ይጠነክራል። ግን ለመናገር የሚያስፈልገው ጉልበት በጣም ትንሽ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምግቡን አኝኮ የሚውጥ ልጅ «ብ» ለማለት የሚበቃ ጉልበት ከንፈሩ ላይ አለው። የሚጎድለው ቅንጅቱ ነው። ከንፈር፣ ምላስ፣ ትንፋሽና ድምፅ ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ባለ ጊዜ ውስጥ ተስማምተው መንቀሳቀስ አለባቸው። ይህ ደግሞ የሚለመደው በመናገር ነው። ብስክሌት ለመልመድ ጀርባ ላይ ተኝቶ እግርን በአየር ላይ ማሽከርከር ምን ያህል ይረዳል? ንፋትም ለንግግር እንደዚያው ነው።

ታዲያ አረፋውን እንጣለው? ኧረ በፍጹም! ከማውቃቸው ጨዋታዎች ሁሉ አንደኛ ነው። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ክዳኑን ልጁ ብቻውን መክፈት ስለሚያቅተው እናንተን ይፈልጋል። አረፋው ሲበር ሁለታችሁም አንድ ነገር ታያላችሁ። ጧ ብሎ ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ያምረዋል። ስለዚህ አንዴ ንፉና ክዳኑን ግጠሙ። ከዚያ ጠብቁ። ቀና ብሎ ዓይን ዓይናችሁን ቢያይ፣ ጠርሙሱን ወደ እጃችሁ ቢገፋው፣ «ኡ» ቢል፣ ጠየቀ ማለት ነው። «እንደገና!» ብላችሁ ቃሉን ስጡትና ንፉ። እናንተ ንፉ፣ እሱ ይዘዛችሁ። ጥቅሙ ያለው ማዘዙ ላይ ነው።

«ልምምድ ማለት ቁጭ ብሎ ካርድ ማየት ነው፤ ውሃና አሸዋ ለእረፍት ነው»

ካርድ እኔም አትሜያለሁ። ፀሐይ፣ ኮፍያ፣ ባልዲ፣ ዓሣ። «ይሄ ምንድን ነው?» እላለሁ። ልጄ የካርዱን ጥግ ያኝካል። ያን ቀን ፀሐይዋ በእኩለ ቀን ጠለቀች።

ቆይቶ ነው የገባኝ። «ይሄ ምንድን ነው?» ፈተና ነው፤ ቃሉን ለማያውቅ ልጅ ፈተና ምንም አይሰጠውም። እጁ የነካውን ነገር ስም በዚያው ቅጽበት ሲሰማ ግን ቃሉ ይያዝለታል። ካርዶቹ ሌላም ጉድለት አላቸው፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ስሞች ናቸው። በስም ብቻ ደግሞ ማዘዝም፣ መከልከልም፣ ወሬ ማውራትም አይቻልም። ግሥ ያስፈልጋል።

አንድ ባልዲ ውሃና ሁለት ኩባያ አስቀምጡና ምን ምን ግሥ እንደሚወጣ ተመልከቱ። ቅዳ፣ ሙላ፣ አፍስስ፣ ክደን፣ ጭመቅ። ሞላ፣ ጎደለ። ሰመጠ፣ ተንሳፈፈ። ረጠበ፣ ደረቀ። እነዚህን ካርድ ላይ ለማሳየት ሠዓሊው ራሱ ይቸገራል። ውሃ ውስጥ ግን ልጁ ራሱ ያደርጋቸዋል፤ ያውም አሥር ጊዜ፣ ሳይሰለቸው።

አማርኛ ደግሞ ለዚህ ጨዋታ የተሠራ ነው የሚመስለው። ድንጋዩ ዱብ አለ። ውሃው ጠብ ጠብ አለ። ቧንቧው ፏ አለ። አረፋው ጧ አለ። አሸዋው ብን አለ። እግሩ ሸርተት አለ። እነዚህ «አለ» የሚከተላቸው ቃላት አጫጭር ናቸው፣ ከድርጊቱ ጋር እኩል ይወጣሉ፣ ደግሞም ያስቃሉ። «ድንጋዩ ውሃው ውስጥ ገባ» ማለት ያቃተው ልጅ «ዱብ!» ሊል ይችላል። የሕፃን ወሬ ነው ብለው የሚንቁት አሉ። ትልቁ ሰውም እኮ ቧንቧው ሲያንጠባጥብ «ጠብ ጠብ አለ» ነው የሚለው።

ወሬ ካነሳን አይቀር፣ ስለ ቃል ቆጠራም አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቻችን የምናነባቸው መለኪያዎች ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች የተዘጋጁ ናቸው። «ሁለት ቃል ያጣምራል ወይ?» ይላሉ። በአማርኛ ግን «ስጪኝ» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ ድርጊቱም፣ ሰጪዋም፣ ተቀባዩም አሉ። ዛሬ «ፈሰሰ»፣ ነገ «አፈሰስኩ»፣ ከነገ ወዲያ «አፍስሺው» የሚል ልጅ ቃሉ አንድ ቢመስልም ብዙ ሰዋስው ይዟል። ስትቆጥሩ ይህን አስቡበት። ባለሙያ ጋ ስትሄዱም ልጁ የሚለውን ቃል እንዳለ ጽፋችሁ ውሰዱ።

«ብዙ ባወራንለት ቁጥር ቶሎ ይናገራል»

ግማሹ እውነት ነው። ቋንቋ ሳይሰማ የሚናገር ልጅ የለም። ግን እንደ ኳስ ጨዋታ ዘጋቢ ያለ ፋታ ማውራት ሌላ ነገር ነው። «አየህ ውሃው እንዴት እንደሚያምር፣ ቀዝቃዛ ነው አይደል፣ ና እዚህ፣ ባልዲው የት ሄደ፣ ምን ዓይነት ቀለም ነው…» ልጁ በየት በኩል ይግባ?

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ ጥናት ዕድሜያቸው ከ4 እስከ 6 ዓመት የሆኑ 36 ልጆችን ተመልክቷል። ልጆቹ ተረት ሲሰሙ ቋንቋን የሚያስተናግደው የአንጎላቸው ክፍል ምን ያህል እንደሚሠራ ተለካ። ይበልጥ ሲሠራ የታየው ከትልቅ ሰው ጋር ብዙ ምልልስ ባላቸው ልጆች ላይ ነበር። የሰሙት ቃል ብዛት ብቻውን ይህን አላስረዳም። አንዴ አንተ፣ አንዴ እኔ የሚለው ቅብብል ነው ጉዳዩ።

ቅብብል እንዲኖር ደግሞ ዝም ማለት ያስፈልጋል። አንድ ነገር በሉና በልባችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። ለእኛ ዘላለም ነው። ሰምቶ፣ አስቦ፣ አፉን ለሚያዘጋጅ ልጅ ግን በቃ ልክ ነው። «ውሃ» ካለ አንድ ቃል ጨምሩለት፤ «ቀዝቃዛ ውሃ» በሉ። ከዚያ እንደገና ዝም።

«በል» የምትለዋን ቃል ደግሞ ቀንሱ። «ውሃ በል። ውሃ ካላልክ አልሰጥህም።» ይሄን ስል ልጄ አፉን ገጥሞ ያየኝ ነበር። ሁለታችንም እልኸኞች ነን፤ ጨዋታው ወደ ጦርነት ሄደ። አሁን ኩባያውን አንስቼ «ውሃ» እላለሁ፤ እጠብቃለሁ፤ ዝም ካለም «ውሃ» ብዬ እሰጣለሁ። ቃሉ ሳይሰጠኝ ያለፈበት ቀን ብዙ ነው። መስማቱ ግን አልቀረበትም።

«ሲሳሳት ወዲያው ካልታረመ ይለምድበታል»

አትክልት መሃል የምትሮጥ ሦስት ዓመት የሆናት ልጅ «ቢላቢሎ በለለች!» ትላለች። ቆም አድርጎ «ቢ-ራ-ቢ-ሮ በይ» ማለት ይቀናናል። እስክትለው ድረስ ቢራቢሮዋ ሄዳለች፤ ወሬዋም አብሮ ሄዷል። «አዎ! ቢራቢሮዋ በረረች!» ማለት ይበቃል። ትክክለኛውን ድምፅ ሰማች፣ ወሬዋም ሰሚ አገኘ።

ደግሞ እንደ «ር» ያሉ ምላስ የሚርገበገብባቸው ድምፆች በብዙ ቋንቋ እንደ «ብ» እና «ም» ካሉት ዘግይተው ነው የሚመጡት። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ክለሳ በ27 ቋንቋዎች የተደረጉ 64 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቷል። ልጆች 5 ዓመት ሲሞላቸው በአማካይ ቢያንስ 93 በመቶ የሚሆኑትን ተነባቢዎች አስተካክለው ይናገራሉ። ስለዚህ በሦስት ዓመቷ «ቢላቢሎ» ማለቷ የሚያስጨንቅ አይደለም። አራት ዓመት ሞልቷት የማያውቃት ሰው ብዙውን ንግግሯን መረዳት ካቃተው ግን ባለሙያ ይያት።

«በእጅ ምልክት ወይም በስዕል መጠየቅ ከለመደ መናገር ይሰንፋል»

እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ክለሳ ይህን ፈትሿል። በጥብቅ መስፈርት ከተመረጡት 27 ሰዎች ምልክት ወይም ስዕል በመጠቀሙ ንግግሩ የቀነሰ አንድም አልተገኘም። 89 በመቶ የሚሆኑት ንግግራቸው ጨመረ። በእጁ «ጨምሪ» የሚል ልጅ የማውራትን ጥቅም ቀመሰ ማለት ነው። ለበጋ ደግሞ ይመቻል፤ ስዕሉ ያለበት ታብሌት ውሃ አይወድም፣ እጅ ግን ግድ የለውም።

«ሁለት ቋንቋ ያደናግረዋል»

አያደናግረውም። በእረፍት ዘመድ ሲመጣና ሌላ ቋንቋ ቤቱን ሲሞላ ልጁን ማራቅ አያስፈልግም። ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር መዘግየት አያመጣም። ቃላቱን ስትቆጥሩ የሁለቱንም ቋንቋ ደምሩ።

«ወንድ ነው፤ አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው። በጋው ይለፍና እናያለን»

ይሄ አያቶችን፣ አክስቶችን፣ ጎረቤትን ሁሉ የሚያስማማ ነው። ወንዶች በአማካይ ትንሽ ዘግየት ማለታቸው እውነት ነው፤ ግን ልዩነቱ ጥቂት ነው። የአባትየው መዘግየት ደግሞ ሊያጽናና አይገባም። በቤተሰብ ውስጥ የንግግር ችግር መኖሩ የልጁንም ዕድል ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ዘግይተው ተናግረው እኩዮቻቸውን የሚደርሱ ብዙ ናቸው። የትኛው እንደሚደርስ ግን አስቀድሞ በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም።

የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2022 ያሻሻለው ዝርዝር አብዛኛው ልጅ፣ ማለትም 75 በመቶው ወይም ከዚያ በላይ፣ በየዕድሜው የሚያደርገውን ያስቀምጣል። በ15 ወር ከ«እማ» እና «አባ» ሌላ አንድ ሁለት ቃል ይሞክራል። በ2 ዓመት ቢያንስ ሁለት ቃል ያገናኛል። በ30 ወር ወደ 50 ቃል ይናገራል። እዚህ ያልደረሰን ልጅ ማስመርመር ማጋነን አይደለም። ይናገራቸው የነበሩ ቃላት የጠፉበት ልጅ ግን በየትኛውም ዕድሜ ቢሆን ሳይቆይ መመርመር አለበት።

የመጀመሪያው ምርመራ የጆሮ ይሁን። ከጉንፋን በኋላ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ የሚጠራቀምበት ልጅ አንድ ሳምንት ይሰማል፣ አንድ ሳምንት በትራስ እንደተሸፈነ ያህል ይሆንበታል። ሕመም ላይኖረው ስለሚችል ማንም አያውቅለትም። «አይታዘዝም» ይባላል። ለሁለት ዓመት ልጅ ሦስት ወር የዕድሜው ስምንተኛ ነው፤ በጋው ይለፍ ስትሉ ይህን አስሉ።

«የመስሚያ መሣሪያ ያደረገ ልጅ የውሃ ጨዋታ ይቅርበት»

ይጫወት እንጂ! አብዛኛው የመስሚያ መሣሪያ ውሃ ውስጥ ስለማይገባ ይወልቃል። ያኔ ልጁ ትንሽ ይሰማል ወይም ጭራሽ አይሰማም። ስለዚህ ሳታወልቁለት በፊት ምን እንደምትጫወቱ ንገሩት፤ ባልዲውንና ኩባያውን አሳዩት። ከወለቀ በኋላ ፊት ለፊቱ፣ ፀሐይዋ የእናንተን ፊት በምታበራበት በኩል ተቀመጡ። ፀሐይ ከኋላችሁ ከሆነች ፊታችሁ ጥላ ይሆንበታል፤ ከንፈራችሁን ማየት አይችልም። ጨዋታውንም በየቀኑ በአንድ ቅደም ተከተል አድርጉት፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ካወቀ ባይሰማም ይከተላል።

የሚሰማውም ሆነ የማይሰማው ልጅ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ሊሰምጥ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ድምፅ እንኳ ሳያሰማ። ስልኩን አስቀምጡት፤ ከአጠገቡም አትራቁ። ጨዋታው ሲያልቅ ባልዲውን አብራችሁ ድፉትና ውስጡን አሳዩት። «ባዶ!» በሉት። ከዚያ እስከ 10 ቁጠሩ።